ቴርሞሜትር የማይደርስበት ሙቀት

በናፍጣ የሚሠራ ሞተር ነዳጁን በእሳት ብልጭታ የሚያቀጣጥል ካንዴላ የለውም፤ የሚያቀጣጥለው በፒስተኑ ታምቆ የጋለው አየር ራሱ ነው። ይሁንና ሞተሩ በደቂቃ 1500 ጊዜ ሲዞር አንዱ የፒስተን ምት የሚፈጀው 2 መቶኛ ሰከንድ ብቻ በመሆኑ፣ ተራ ቴርሞሜትር ገና መሞቅ ሳይጀምር አየሩ ግሎ፣ ነዳጁን አቃጥሎና ተለጥጦ ይወጣል። ስለዚህም መሐንዲሶች በየደረጃው ያለውን መጠነ ሙቀት በስሌት ያገኙታል።

ስሌቱ የሚጀምረው አየሩን እንደ ሃሳባዊ ጋዝ፣ ማለትም ሞለኪውሎቹ እርስ በርስ እንደማይሳሳቡና የራሳቸው ስፋትም ከቁጥር እንደማይገባ ጋዝ በመቁጠር ነው። ፈረንሳዊው መሐንዲስ ኤሚል ክላፔሮን በ1834 የቀደሙትን የጋዝ ሕጎች በአንድ ቀመር ያጣመረ ሲሆን፣ በቀመሩ መሠረት የጋዙ ብዛት እስካልተለወጠ ድረስ ግፊቱ በይዘቱ ተባዝቶ ለመጠነ ሙቀቱ ሲካፈል ውጤቱ ምንጊዜም አንድ ነው። ዑደት የሚባለው ጋዙ በተከታታይ ለውጦች አልፎ ወደ መነሻ ሁኔታው የሚመለስበት ሂደት ነው፤ በዚህ ሂደት በየትኛውም ነጥብ ላይ ግፊቱና ይዘቱ ከታወቁ፣ ጋዙ በየት በኩል እንደመጣ መጠየቅ ሳያስፈልግ መጠነ ሙቀቱ ይታወቃል። የዘዴው ኃይል ያለው እዚህ ላይ ነው።

27 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ማለትም 300 ኬልቪን የሆነና ግፊቱ 100 ኪሎፓስካል የሆነ አየር ወደ ሲሊንደሩ ገብቶ ወደ 18ኛ እጁ ቢታመቅ፣ እመቃው ፈጣን ስለሆነ ሙቀት ወደ ግድግዳው ለመሸሽ ጊዜ አያገኝም ተብሎ ይወሰዳል። እንዲህ ባለው ለውጥ ግፊቱ የሚያድገው 18 በ1.4 አርቢ ከፍ ሲል በሚገኘው ቁጥር፣ በ57.2 እጥፍ ነው። ግፊቱ 57.2 ጊዜ አድጎ ይዘቱ 18 ጊዜ ካነሰ፣ መጠነ ሙቀቱ 57.2 ለ18 ተካፍሎ በሚገኘው 3.18 እጥፍ ያድጋል፤ ይህም ወደ 953 ኬልቪን ወይም 680 ዲግሪ ሴልሺየስ ያደርሰዋል። ናፍጣ በራሱ ለመቀጣጠል ከዚህ እጅግ ያነሰ መጠነ ሙቀት ስለሚበቃው፣ ገና ሲረጭ ይነዳል። የአዲስ አበባ አየር ከባሕር ጠረፍ አየር ይልቅ ስስ መሆኑም ይህን ውጤት አይለውጠውም፤ የመነሻው ግፊት በስሌቱ ውስጥ ስለሚጣፋ መጠነ ሙቀቱን የሚወስኑት የእመቃው ውድርና የመነሻው መጠነ ሙቀት ብቻ ናቸው። ስስ አየር የሚቀንሰው የሞተሩን ጉልበት ነው፤ ምክንያቱም የሚገባው ኦክስጅን ያንሳል።

ቀጥሎ ነዳጁ ሲነድ ግፊቱ ሳይለወጥ ይዘቱ እጥፍ ይሆናል ቢባል፣ መጠነ ሙቀቱም እጥፍ ሆኖ 1906 ኬልቪን ይደርሳል። ብዙ ተማሪዎች የሚሳሳቱት እዚህ ነው። 680 ዲግሪ ሴልሺየስን በሁለት አባዝቶ 1360 ማለት ስህተት ሲሆን ትክክለኛው መልስ 1633 ዲግሪ ነው፤ የሴልሺየስ ዜሮ ውሃ የሚረጋበት ነጥብ እንጂ የሙቀት መነሻ ስላልሆነ፣ እጥፍና ግማሽ ትርጉም የሚኖራቸው ከፍፁም ዜሮ፣ ማለትም ከ-273.15 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ጀምሮ በሚቆጥረው በኬልቪን ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ጋዙ ፒስተኑን እየገፋ ወደ መጀመሪያው ይዘቱ ሲለጠጥ መጠነ ሙቀቱ ወደ 792 ኬልቪን ይወርዳል፤ ሙቀት ሲያስወጣ ደግሞ ወደ 300 ይመለሳል። የመጨረሻው ስሌት ከመነሻው ጋር ካልገጠመ አንዱ እርምጃ ተሳስቷል ማለት ስለሆነ፣ ዑደቱ ራሱ የራሱ ማረጋገጫ ነው። ከእነዚህ አራት መጠነ ሙቀቶችና ከ1.4 አርቢው ብቻ ሞተሩ ከተቀበለው ሙቀት 63 በመቶ የሚሆነውን ወደ ሥራ መለወጥ እንደሚችል ይሰላል። ሩዶልፍ ዲዝል በ1897 አውግስበርግ ላይ ያስፈተሸው ሞተር ያስገኘው 26 በመቶ ገደማ ነበር፤ ይህም በዘመኑ ከነበሩት የእንፋሎት ሞተሮች እጅግ የላቀ ነው። የዛሬዎቹ የከባድ መኪና ሞተሮች ከ40 በመቶ በላይ ደርሰዋል፤ ቀሪው ሙቀት በአብዛኛው በጭስ ማውጫውና በማቀዝቀዣው ውሃ በኩል ይወጣል።