ሞተር፣ ድራይቨርና ፓወር ሰፕላይ፦ አቻ ላቻ ጋብቻ

በእጅ የሚሠራ ትንሽ ፍሬዛን ወደ ሲኤንሲ መቀየር ለመመረቂያ ፕሮጀክት ጥሩ ሐሳብ ነው። የተማሪ ኪስ ግን ዕቃ ሁለት ጊዜ አይገዛም። ገንዘቡ ብዙውን ጊዜ የሚባክነው ሻጩ በትልቁ የጻፈውን የመያዣ ቶርክ ብቻ አይቶ ሞተር በመግዛት ነው።

ያ ቁጥር የሚናገረው ሞተሩ ቆሞ ሳለ ምን ያህል እንደሚይዝ ነው፤ ሲሽከረከር ስለሚኖረው ጉልበት አይናገርም። «ኔማ 23» የሚለውም ስያሜ የፊቱን ስፋት፣ ማለትም 57 ሚሊ ሜትር ገደማ መሆኑን እንጂ ኃይሉን አይገልጽም።

በቁጥር እንየው። የተለመደው ስቴፐር ሞተር አንድ ዙር የሚሞላው በ200 እርምጃ ነው። ቦል ስክሪው በአንድ ዙር 5 ሚሊ ሜትር የሚገፋ ከሆነ፣ ጠረጴዛው በደቂቃ 3000 ሚሊ ሜትር እንዲሄድ ሞተሩ በደቂቃ 600 ዙር፣ በሰከንድ 2000 እርምጃ መሥራት አለበት። ለአንድ እርምጃ የሚደርሰው ግማሽ ሚሊ ሰከንድ ብቻ ነው። የጥቅልሉ ኢንዳክታንስ ከፍተኛ ከሆነ ከረንቱ ሳይሞላ ቀጣዩ እርምጃ ይደርሳል፤ ቶርኩም ይወርዳል። ያኔ ሞተሩ እርምጃ ይዘላል። ተራ ስቴፐር መልሶ ስለማይናገር ኮምፒውተሩ ይህን አያውቅም፤ በተሳሳተ ቦታ መቁረጡን ይቀጥላል፤ ብረቱም ይበላሻል።

ከረንቱን ቶሎ የሚሞላው ቮልቴጅ ነው። 3 ቮልት የተጻፈበት ሞተር በ48 ቮልት የሚነዳው ለዚህ ነው፤ ድራይቨሩ ከረንቱን ከልኩ እንዳያልፍ ይገድበዋል። ለቮልቴጁ ጣሪያ የተለመደ ግምት አለ፦ የኢንዳክታንሱን ስኩዌር ሩት በ32 ማባዛት። 2.25 ሚሊ ሄንሪ 48 ቮልት፣ 9 ሚሊ ሄንሪ ደግሞ 96 ቮልት ይሰጣል። ስለዚህ የመያዣ ቶርኩ ትንሽ ቢያንስም ኢንዳክታንሱ ዝቅ ያለውን ምረጡ።

ድራይቨሩ ከፓወር ሰፕላዩ በላይ የሚችል ይሁን። ሞተር ፍሬን ሲይዝ ኃይል መልሶ ስለሚልክ 50 ቮልት ብቻ ለሚችል ድራይቨር 36 ቮልት መስጠት ይሻላል። ለከረንቱ የሞተሮቹን ድምር ሁለት ሦስተኛ ውሰዱ፤ ሦስት ባለ 3 አምፒር ሞተሮች 6 አምፒር ገደማ ይበቃቸዋል። ኃይል ሳይጠፋ የሞተር ገመድ አትንቀሉ፤ ድራይቨሩ ሊቃጠል ይችላል።

መቆጣጠሪያውንም አትርሱ። ድራይቨሩ እያንዳንዱን እርምጃ በ10 ሲከፍል ከላይ ላለው ፍጥነት በሰከንድ 20,000 ምት ያስፈልጋል። ጂአርቢኤል የተጫነበት አርዱዊኖ ኡኖ እስከ 30,000 ገደማ ስለሚችል ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ለሚፈልግ ግን ሌላ መቆጣጠሪያ ይፈለግ። የአደጋ ማቆሚያው ቀይ ቁልፍም በሶፍትዌር ሳይሆን በቀጥታ ኃይሉን የሚቆርጥ ይሁን።

ማሽኑን አንድ ቀን አገር ቤት ለመውሰድ የምታስቡ ደግሞ የፓወር ሰፕላዩን ጎን ተመልከቱ። ብዙዎቹ 115 እና 230 የሚል መቀየሪያ አላቸው። አሜሪካ 115 ላይ እንደነበረ አዲስ አበባ 220 ቮልት ላይ ቢሰካ ወዲያው ይቃጠላል።

ከመክፈላችሁ በፊት የሞተሩን ኢንዳክታንስ፣ የድራይቨሩን የቮልቴጅ ጣሪያና የምትፈልጉትን ፍጥነት በአንድ ወረቀት ላይ ጻፉ። ሦስቱ ካልተስማሙ አትግዙ።