ደን የሚቆጥር ተክል ይለይ

የሥነ ምህዳር ተማሪ ደን ገብቶ የሚጠይቀው የትኛው ተክል ከየትኛው ጋር፣ በምን ከፍታና በምን አፈር እንደሚኖር ነው። የሥነ ምደባ ተማሪ ደግሞ ያ ተክል ራሱ ምን እንደሆነ፣ ከየትኞቹ ጋር እንደሚዛመድ ይመረምራል። ሁለቱን በድህረ ምረቃ ለየብቻ ማስተማር ይቻላል፤ ግን አንዱ ያለ ሌላው አይቆምም። ለዚህ ጥሩ ማስረጃ አራት ኪሎ የሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብሔራዊ ሀርባሪየም፣ ማለትም የደረቁ ዕፅዋት ናሙናዎች ቤት ነው። በደን ላይ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚሠራ የማስተርስ ተማሪ ብዙ ጊዜ 20 ሜትር በ20 ሜትር የሆነ መሬት ከልሎ ዛፎቹን ይቆጥራል፤ የግንዳቸውን ውፍረትም ከመሬት 1.3 ሜትር ከፍ ብሎ ይለካል። ያልለየውን ተክል ከነአበባው ወይም ከነፍሬው ቆርጦ በጋዜጣ መካከል ተጭኖ ያደርቀዋል፤ ቦታውን፣ ቀኑንና ከፍታውን ጽፎበት ወደ ሀርባሪየሙ ይዞት ይመጣል። እዚያ ከቀደሙት ናሙናዎችና ከኢትዮጵያና ኤርትራ ፍሎራ ጋር ያስተያየዋል። ይህ ባለ ብዙ ቅጽ ሥራ በ1980 እ.ኤ.አ. ተጀምሮ፣ ከስዊድኑ ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ጋር በትብብር በ2009 የተጠናቀቀ ሲሆን ወደ 6 ሺህ የሚጠጉ ዝርያዎችን ይዟል። ተማሪው እዚህ ላይ ሁለት ዝርያዎችን እንደ አንድ ከቆጠረ የብዝኃ ሕይወት ስሌቱ ይዛባል፤ በስሌቱ ላይ ተመሥርቶ ይህ ደን ይጠበቅ ብሎ የሚሰጠው ምክርም ይፈርሳል።

ሳይንሳዊ ስም በየጊዜው የሚለወጥ ከሆነ ድካሙ ለምን ነው የሚሉ አሉ። ግራርን እንይ። በ2005 እ.ኤ.አ. ቪየና ላይ የተሰበሰበው ዓለም አቀፍ የዕፅዋት ጉባኤ አካሲያ የሚለው የግራር ሳይንሳዊ ስም ለአውስትራሊያ ዝርያዎች እንዲሆን ወሰነ፤ የአፍሪካዎቹ በአብዛኛው ቫቼሊያና ሴኔጋሊያ ለሚባሉ ወገኖች ተከፈሉ። ጉዳዩ ከስም ያለፈ እንደሆነ እሾሁን ቀርቦ ያየ ይረዳል፦ የቫቼሊያ እሾህ በቅጠሉ ግርጌ ጥንድ ሆኖ የሚወጣ፣ በአብዛኛው ቀጥ ያለ ነው፤ የሴኔጋሊያው አጭርና እንደ መንጠቆ የተቆለመመ ነው። ጋም አረቢክ የሚባለው ሙጫ ምርጡ የሚገኘውም ከሴኔጋሊያ ወገን ነው። የዘረመል ጥናት ሁሉም ከአንድ ሐረግ እንዳልወጡ ስላሳየ፣ ክፍፍሉ የዕውቀት መጨመር ውጤት ነው። ናሙናው እስካለ ድረስ በአሮጌው ስም የተጻፈው ጥናትም አይባክንም፤ ተክሉ እንደገና ታይቶ በአዲሱ ስም ይመዘገባል።

ዛሬ ዲኤንኤ የሚያነብ መሣሪያ እያለ ቅጠል ማድረቅ ኋላ ቀርነት ነው የሚለው ክርክርም አያስኬድም። መሣሪያው የሚሰጠው የፊደላት ሰንሰለት ብቻ ነው፤ ሰንሰለቱ የየትኛው ዝርያ እንደሆነ የሚታወቀው ባለሙያ ለይቶ ካስቀመጠው ናሙና የተገኘ ማነጻጸሪያ ሲኖር ነው። የናሙናው ስም ከተሳሳተ መሣሪያው ስህተቱን በፍጥነት ያባዛዋል።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ የገንዘብ ነው፦ ሐኪምና መሐንዲስ የሚያንሳት አገር ለቅጠል ምርምር ለምን ታወጣለች? ነገር ግን በኢትዮጵያ ከሚበቅሉት ዕፅዋት ከአሥር አንድ ያህሉ ሌላ አገር የማይገኙ ናቸው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀርመናዊው ሺምፐር ከሰሜን ኢትዮጵያ የሰበሰባቸው ናሙናዎች ዛሬም በአውሮፓ ስብስቦች ውስጥ ናቸው፤ በአገር ውስጥ ስብስብና ባለሙያ ከሌለ የራሳችንን ተክል ለማወቅ ባሕር መሻገር ይኖርብናል። ስለዚህ ዩኒቨርሲቲዎች የሥነ ምህዳር ተማሪ የመረመረውን ተክል ናሙና ሳያስገባ እንዳይመረቅ ቢደነግጉ፣ የሚጠይቁት ትርፍ ሥራ ሳይሆን ጥናቱ እውነት መሆኑን ሌላው የሚያረጋግጥበትን ማስረጃ ነው።