በብርሃን የሚጮኸው ቅንጣት መውጫው የት ነው?

እ.ኤ.አ. በ1880 አሌክሳንደር ግራሃም ቤል እየተቆራረጠ የሚያርፍ ብርሃን ከቁስ ድምፅ እንደሚያወጣ ደረሰበት። ፎቶአኩስቲክ የተባለው የሕክምና ምስል የቆመው በዚሁ ግኝት ላይ ነው። በጣም አጭር የሌዘር ብልጭታ ወደ ሰውነት ይላካል፤ ብርሃኑን የመጠጠው ክፍል በጥቂቱ ይሞቃል፣ ወዲያው ይለጠጣል፣ መለጠጡም የአልትራሳውንድ ሞገድ ይፈጥራል። ቆዳ ላይ ያረፈው መሣሪያ ሞገዱን ተቀብሎ ምስል ያወጣል። ብርሃን ሥጋ ውስጥ ከአንድ ሚሊሜትር ገደማ በኋላ እየተበተነ አቅጣጫውን ያጣል፤ ድምፅ ግን ብዙም ስለማይበተን ከጥቂት ሴንቲሜትር ጥልቀት ጥርት ያለ መረጃ ይዞ ይመጣል።

ደም ራሱ ብርሃን ስለሚመጥ ያለ ምንም መርፌ ይታያል። በ2021 አሜሪካ ውስጥ ፈቃድ ያገኘው የጡት መመርመሪያ መሣሪያም የሚያየው ሄሞግሎቢንን ነው። ታዲያ ብርሃን የሚመጥ ቅንጣት ወደ ሰውነት መውጋት ለምን አስፈለገ? ደም የሚነግረን የደም ሥሮችንና የኦክስጅንን መጠን ነው፤ የትኛው ሕዋስ ካንሰር እንደሆነ ግን አይነግርም። የስታንፎርድ ተመራማሪዎች በ2008 ዕጢ ካበቀላቸው የደም ሥሮች ጋር የሚጣበቅ ሞለኪውል የለበሱ የካርቦን ናኖቱቦችን አይጦች ላይ ሞክረው ዕጢውን ለይተው ያሳዩት ይህን ጉድለት ለመሙላት ነበር።

ከሁሉ በላይ የተወደደው የወርቅ ናኖዘንግ ነው። የሩዝ ፍሬ የመሰለች፣ በጥቂት አሥር ናኖሜትር የምትለካ ዘንግ ናት፤ ርዝመቷን ከውፍረቷ አንጻር በመቀየር ብቻ የምትመጠው ብርሃን ሥጋን በተሻለ ወደሚያልፈው፣ ዓይን ወደማያየው ክልል ይገፋል። ሆኖም ኃይለኛ ብልጭታ ደጋግሞ ሲመታት ትቀልጥና ትድቦለቦላለች፤ ቅርጿ ሲጠፋ የምትመጠው ብርሃንም ይለወጣል። የሲሊካ ሽፋን ይህን ችግር በእጅጉ አቃሎታል። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላው ነው፦ ፍተሻው ካለቀ በኋላ ወርቁ የት ይሄዳል? ኩላሊት በሽንት የሚያስወጣው ከ6 ናኖሜትር ገደማ ያነሰውን ነው፤ የሚተርፈው ጉበትና ጣፊያ ላይ ይከማቻል፣ በእንስሳት ላይ እንደታየውም ለወራት ሊቆይ ይችላል።

ወርቅ ከምንም ጋር አይዋሃድም፣ ስለዚህ አይጎዳም የሚሉ አሉ። ወርቁ በቀላሉ አለመዋሃዱ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ዘንጎቹ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠሩበት ሳሙና መሰል ኬሚካል ሕዋስን ይመርዛል፣ በሚገባ ካልታጠበም አብሮ ይገባል። ካንሰር ለያዘው ሰው ይህ ስጋት ኢምንት ነው የሚለው ሙግት ይበልጥ ይከብዳል። ለሕክምና ከሆነ እቀበለዋለሁ። የቅድመ ምርመራ መርፌ ግን በብዛት የሚወጋው ጤነኛውን ሰው ነው፤ ለእርሱ ከዕጢ ይልቅ ጉበቱ ላይ የሚቀረው ብረት ያሰጋዋል።

ስለዚህ መመዘኛው የድምፁ ጉልበት ብቻ መሆን የለበትም። ከ1959 ጀምሮ በአሜሪካ የተፈቀደው ኢንዶሳይኒን ግሪን የተባለው ቀለም ድምፁ ደካማ ቢሆንም ጉበት በሐሞት በኩል ቶሎ ያስወግደዋል። በ2011 የቶሮንቶ ተመራማሪዎች ይፋ ያደረጉት ከፖርፊሪንና ከስብ የተሠራ ቅንጣት ደግሞ ብርሃንን አጥብቆ ይመጣል፣ ኢንዛይሞችም ይሰባብሩታል። ገንዘቡና ጊዜው ቢውል የምመርጠው ከወርቁ ይልቅ እዚህ ላይ ነው።