ያለ ጭቃ የቆመ ካብ

እናንተ ካብ መካብ ታውቃላችሁ። የማሳ ድንበር፣ የግቢ አጥር፣ የእርከን ካብ ሠርታችኋል። ድንጋዩን አንሥታችሁ ታገላብጡታላችሁ። ፊቱን ትመርጣላችሁ። አልገጥም ሲል ትጥሉትና ሌላ ትፈልጋላችሁ። ዛሬ የምናወራችሁ በዚህ ሥራ ዓለምን ስላስደነቁ ገበሬዎች ነው።

አገራቸው ፔሩ ይባላል። ከእኛ በጣም ሩቅ ነው፤ በደቡብ አሜሪካ፣ ከውቅያኖስ ማዶ። የተራራው ሕዝብ ደገኛ ነው። ድንች ለዓለም የተገኘው ከእነሱ ዘንድ ነው። ወደ እኛ አገር ያመጣው ሺምፐር የሚባል ጀርመናዊ ሲሆን፣ ጊዜው 1850 ዓ.ም. ገደማ ነበር። (ዓመቶቹን ሁሉ የምንጽፈው በእኛ አቆጣጠር ነው።)

በእኛ አገር ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በነገሡበት ዘመን፣ እዚያ ኢንካ የሚባሉ ነገሥታት ይገዙ ነበር። ዋና ከተማቸው ኩስኮ ነበረች። የብረት መሣሪያ አልነበራቸውም። ጋሪም አልነበራቸውም። በሬም አያውቁም። እንግዲህ ይህን ይዛችሁ ስሙን። ከኩስኮ በላይ ባለው ኮረብታ ላይ ሳክሳይዋማን የሚባል ትልቅ ካብ አለ። ከድንጋዮቹ ውስጥ ትልልቆቹ ከ1,000 ኩንታል በላይ ይመዝናሉ። አንዱ ድንጋይ ብቻውን ማለታችን ነው! ሰው በገመድ እየጎተተ ነው ያመጣው።

እንዴት ጠረቡት? ከወንዝ የሚገኘውን ጠንካራ ድንጋይ እንደ መዶሻ ይዘው ለስለስ ያለውን ይወቅሩታል። ያስቀምጡታል፣ ያዩታል፣ እንደገና ያነሡታል፣ ይወቅሩታል። አንዱ ከሌላው ጋር እስኪገጥም ድረስ እንዲህ ይደክማሉ። ምርጥ በሆነው ግድግዳቸው ውስጥ ጭቃም ኖራም የለም። ቢሆንም በድንጋይና በድንጋይ መካከል የቢላዋ ስለት አይገባም። በኩስኮ አንድ መንገድ ዳር አሥራ ሁለት ማዕዘን ያለው ድንጋይ አለ። በአሥራ ሁለቱም በኩል ከጎረቤቶቹ ጋር ገጥሟል።

ግድግዳው ወደ ውስጥ ትንሽ ዘመም ይላል። በሩ ከሥር ሰፊ፣ ከላይ ጠባብ ነው። ይህ ለጌጥ ብቻ አይደለም። አገሩ የመሬት መንቀጥቀጥ ያለበት ነው። መሬት ሲናወጥ ድንጋዮቹ ትንሽ ይንቀሳቀሱና መልሰው በቦታቸው ይቀመጣሉ።

እስፓኞች ኩስኮን በ1526 ዓ.ም. ያዙ። ቤተ መንግሥቱን አፈረሱ። በኢንካዎቹ ካብ ላይ የራሳቸውን ቤትና ቤተ ክርስቲያን ሠሩ። ግንቦት 13 ቀን 1942 ዓ.ም. ታላቅ መንቀጥቀጥ መጣ። ከከተማዋ ቤቶች ከግማሽ በላይ ተጎዱ። በኢንካዎቹ የፀሐይ ቤተ መቅደስ ላይ የተሠራው ገዳምም ፈረሰ። ከሥሩ የነበረው የኢንካ ካብ ግን ቆሞ ታየ።

ከዚህ በኋላ ነው የእንግዳው ነገር የሚመጣው። ቱሪስት ማለት አገር ለማየት የሚመጣ እንግዳ ነው። ቱሪስቱ ኩስኮ ይደርስና ማቹ ፒቹ ወደምትባል የጥንት ከተማ ይሄዳል። እሷም በተራራ ጫፍ ላይ ናት። ዝናቡ በዚያ ኃይለኛ ነው። ታዲያ ለምን ተንሸራታ ገደል አልገባችም? ምስጢሩ እርከኑ ነው። ከሥር ትልልቅ ድንጋይ ሞሉ። ቀጥሎ ጠጠር፣ ቀጥሎ አሸዋ አደረጉ። ለም አፈሩን ከላይ አለበሱት። ውኃው ቀስ ብሎ ሰርጎ ይወርዳል፣ አፈሩ አይታጠብም። የኮንሶ ገበሬ ይህን ቢያይ ብዙ የሚደነቅ አይመስለንም፤ የራሱን የአባቶቹን ሥራ ያስታውሰዋል።

ኩስኮና ማቹ ፒቹ በ1976 ዓ.ም. በዓለም ቅርስ መዝገብ ገቡ። እንግዳው በዛ። ከኮሮና በሽታ በፊት ማቹ ፒቹን በዓመት ከ1 ሚሊዮን ተኩል ያላነሰ ሰው ያያት ነበር። ከተራራው ግርጌ አጉዋስ ካሊየንቴስ የምትባል መንደር አለች። ስሟ ሙቅ ውኃ ማለት ነው፤ እኛ ፍልውኃ እንደምንለው። መጀመሪያ የባቡር ሐዲድ ሠራተኞች ሰፈር ነበረች። ዛሬ በጠባቡ ሸለቆ፣ በወንዙ ዳር የሆቴል ፎቅ በፎቅ ላይ ተደራርቦባታል። ከኩስኮ በኩል እሷ ድረስ የሚያደርስ የመኪና መንገድ የለም፤ በባቡር ወይም በእግር ነው። በጥር 2002 ዓ.ም. ጎርፍ ሐዲዱን ቆረጠው። በሺ የሚቆጠሩ እንግዶች መውጫ አጥተው በሄሊኮፕተር ወጡ። የጥንቶቹ ውኃው የሚሄድበትን አስቀድመው ያስቡ ነበር። የዛሬዎቹ ያሰቡት የአልጋውን ቁጥር ይመስላል።

ኩስኮም አደገች። በ1930ዎቹ መጀመሪያ 40 ሺ ያህል ሰው ነበረባት፤ አሁን ከ400 ሺ በላይ ነው። መሐል ከተማው ያሉት አሮጌ ቤቶች ብዙዎቹ ሆቴልና ሱቅ ሆነዋል። ድሃው ወደ ኮረብታው ገላ ወጥቷል። እዚያ መሬቱ ቁልቁለት ነው፤ ክረምት ሲመጣ ይናዳል።

ጥቅም የለውም አንልም። ሽማኔ ሴቶች ጥበባቸውን ይሸጣሉ። ወጣቶች የእንግዳ ዕቃ ተሸክመው ደመወዝ ያገኛሉ። ግን እንግዳ የሚመጣው ሲፈልግ ነው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ማቹ ፒቹ ተዘጋች። እስከ ጥቅምት 2013 ድረስ ሳትከፈት ቆየች። ብዙ ሰው ወደ አባቱ ማሳ ተመለሰ። ድንቹ አበላው።

የጥንቱም ድንጋይ ከሰው እጅ አላመለጠም። በየካቲት 2017 ዓ.ም. አንድ ሰው ያንን ባለ አሥራ ሁለት ማዕዘን ድንጋይ ሌሊት በመዶሻ መትቶ ገመሰው። መንቀጥቀጥ ያላነቃነቀውን!

አሁን ክርክሩ ያለው ቺንቼሮ ላይ ነው። ቺንቼሮ ከኩስኮ አጠገብ ያለች ደጋ ናት። ድንች አብቃይ ናት፤ የኢንካ እርከንም አላት። መንግሥት ትልቅ የአውሮፕላን ማረፊያ በዚያ እንዲሠራ ወሰነ፤ እንግዳው ኩስኮ አጠገብ በቀጥታ እንዲወርድ። የታሪክ አዋቂዎች «ቅርሱ ይጎዳል፣ የፒዩራይ ሐይቅም ያሠጋል» ብለው ተቃወሙ። ከሐይቁ የኩስኮ ሰው ውኃ ይጠጣል። ከገበሬው ግን ብዙው ደገፈ። «ልጆቻችን ሥራ ያገኛሉ» አለ። በዚህ ገበሬውን ልንወቅሰው አንችልም፤ ድህነትን የሚያውቀው እሱ ነው። በ2011 ዓ.ም. ቡልዶዘሮች መቆፈር ጀመሩ። የመሬት ካሣ ከተከፈላቸው ውስጥ ፎቅ የሠሩበት አሉ፤ እንግዳ ይመጣል ብለው። ድንች ይወጣበት የነበረው ማሳ ቀይ አፈሩ ተገልብጦ ሜዳ ሆነ።