ችፑድ

ችፑድ ከደቀቀ እንጨትና ከሙጫ በሙቀትና በግፊት ተጨምቆ የሚሠራ ጠፍጣፋ ሰሌዳ ነው። ለቁም ሣጥን፣ ለመደርደሪያና ለክፍል መከፋፈያ ያገለግላል። ስስ የእንጨት ንጣፎች ተደራርበው ከሚሠራው ኮምፔርሳቶ ይለያል።

ጥሬ ዕቃ

በአዲስ አበባ ሰሜን ምሥራቅ፣ ከየካ ክፍለ ከተማ በላይ ያሉትን ኮረብቶችና የእንጦጦን ተራራ በብዛት የሸፈነው ባሕር ዛፍ የአውስትራሊያ ተወላጅ ሲሆን ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። ቶሎ ስለሚያድግና ሲቆረጥ ከጉቶው ስለሚያቆጠቁጥ የከተማዋን የማገዶና የቤት መሥሪያ እንጨት እጥረት አቃልሏል። ሆኖም ግንዱ ሲያድግ በውስጡ ውጥረት ስለሚፈጠር፣ ሲሰነጠቅና ሲደርቅ ይጣመማል፤ ይተረተራል። ጣውላ ለማውጣት አስቸጋሪ የሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

ችፑድ ግን ወፍራምና ቀጥ ያለ ግንድ አይጠይቅም። ቀጭን አጣና፣ የመሰንጠቂያ ቤት ቁርጥራጭና ሰጋቱራ ሳይቀር ይገባበታል። በትግራይ የሚገኘው የማይጨው ችፑድ ፋብሪካ ጥሬ ዕቃው ባሕር ዛፍ ነው።

አሠራር

1. እንጨቱ ቅርፊቱ ተልጦ በማሽን ይደቅቃል።
2. ድቃቂው የእርጥበቱ መጠን ከ2 እስከ 4 በመቶ እስኪደርስ ይደርቃል። እርጥበት ከበዛ በመጭመቂያው ውስጥ የሚፈጠረው እንፋሎት ሰሌዳውን ይሰነጥቀዋል።
3. በወንፊት ተለይቶ ሙጫ ይረጭበታል። በብዛት የሚሠራበት ሙጫ ከዩሪያና ከፎርማልዴሃይድ የሚዘጋጅ ነው።
4. ሻካራው ድቃቂ በመሀል፣ ደቃቁ ከላይና ከታች ይነጠፋል። የሰሌዳው ገጽ ለስላሳ የሚሆነው ስለዚህ ነው።
5. ንጣፉ በ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ በሚሞቅ መጭመቂያ ይጨመቃል፤ ሙጫውም ይጠነክራል።
6. ሰሌዳው ቀዝቅዞ ጠርዙ ይቆረጣል፤ በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል፤ ብዙ ጊዜም ሜላሚን ይለበጣል።

ጥንቃቄ

ችፑድ ውኃ ሲነካው ያብጣል፤ ቢደርቅም ወደ ቀድሞ ውፍረቱ አይመለስም። ስለዚህ ለወጥ ቤትና ለመታጠቢያ ክፍል ሲውል ጠርዙ ሁሉ በደንብ መሸፈን አለበት።

ከሙጫው የሚወጣው የፎርማልዴሃይድ ጋዝ ዓይንና ጉሮሮ ያቃጥላል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2004 በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች መድቦታል። አዲስ የቤት ዕቃ የገባበትን ክፍል ማናፈስ፣ ሰሌዳው ሲቆረጥም አፍና አፍንጫን መሸፈን ይገባል። የችፑድ ቁርጥራጭ እንደ ባሕር ዛፍ ፍልጥ ለማገዶ መዋል የለበትም፤ ሙጫው ሲቃጠል መርዛማ ጭስ ይወጣዋል።