ተጨማሪ መረጃ፦ ከመጸዳጃ ጉድጓድ እስከ ውሃ ጉድጓድ

በጎንደር ደቡብ የምትገኘው አዘዞ፣ እንደ አብዛኞቹ የአገራችን ከተሞች፣ የመጸዳጃ ፍሳሿን የምታስወግደው በየግቢው በተቆፈሩ ጉድጓዶችና ሴፕቲክ ታንኮች ነው። ታንኩ ዝቃጩን ያስቀራል፤ በፍሳሹ የሟሟው ናይትሮጅን ግን ወደ አፈር ሰርጎ በባክቴሪያዎች ወደ ናይትሬት ይለወጣል። ናይትሬት ከአፈር ጋር ስለማይጣበቅ፣ በክረምት ዝናብ ታጥቦ በተሰነጣጠቀው ባዝልት በኩል ወደ ከርሰ ምድር ውሃ ይወርዳል።

እስቲ እንገምት

• ፍሳሽ፦ በአንድ ግቢ የሚኖሩ 5 ሰዎች እያንዳንዳቸው በቀን 40 ሊትር ውሃ ቢጠቀሙና 80 በመቶው ፍሳሽ ቢሆን፣ 5 × 40 × 0.8 = 160 ሊትር በቀን።

• ናይትሬት፦ እያንዳንዱ ሰው በቀን 8 ግራም ናይትሮጅን ቢያስወግድና ሩቡ ከርሰ ምድር ቢደርስ፣ ከ5ቱ ሰዎች በቀን 10 ግራም ናይትሮጅን ይሆናል፤ ይህም 44 ግራም ያህል ናይትሬት ነው።

• ማቅጠኛ፦ የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 50 ሚሊግራም ነው። ከዚህ እንዳያልፍ 44 ግራሙ በየቀኑ 880 ሊትር ውሃ ውስጥ መበተን አለበት። ግቢዎች በተጠጋጉበት ሰፈር ይህን ያህል ውሃ ከየት ይመጣል?

ልብ በሉ! ናይትሬት ቀለምም ሽታም የለውም፤ ውሃውን ማፍላትም አያስወግደውም። ከ6 ወር በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የደምን ኦክስጅን የመሸከም አቅም ያዳክማል። ስለዚህ የዱቄት ወተት በጉድጓድ ውሃ ከመበጥበጡ በፊት ውሃው በላቦራቶሪ ይመርመር።