ግሸን ላይ የሲሚንቶ መስቀል?

አርክቴክት መሆኔን የሚያውቁ ወዳጆቼ መስከረም 21ን ግሸን ማርያም አንግሠው ሲመለሱ የሚጠይቁኝ አይጠፋም፦ «እዚያ አንድ ግዙፍ መስቀል ለምን አትሠሩም?» አምባው ራሱ የመስቀል ቅርጽ አለው እኮ!

ስህተቱ የአደባባይ ጥበብን ለምረቃ ቀን የሚደርስ ጌጥ አድርጎ ማየት ነው። የኦስሎ ወደብ እንደገና ሲገነባ ለአደባባይ ጥበቡ የተመረጠው ዝግታ ነበር። በአርቲስቷ በኬቲ ፓተርሰን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ2014 ከከተማው ወጣ ብሎ 1,000 ችግኞች ተተከሉ። በየዓመቱ አንድ ደራሲ ማንም ያላነበበው ጽሑፍ ያስረክባል፤ ጽሑፎቹ ወደቡ ዳር ባለው ቤተ መጻሕፍት ተቆልፈው ይቆያሉ። በ2114 ከዛፎቹ በሚገኝ ወረቀት ይታተማሉ። ጀማሪዎቹ አያነቡትም ማለት ነው።

እኛም ጋ ምሳሌ አለ። የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት በ2005 ዓ.ም. ለአዲስ አበባ ባቡር ግንባታ ተነሥቶ በ2008 ወደ ቦታው ተመለሰ። በመካከሉ አደባባዩ ስሙን አልቀየረም፤ ሥራው ሕዝቡ ውስጥ ገብቶ ነበርና።

ለግሸን የምመክረው ወደ አምባው መውጫ መንገድ ላይ የአካባቢው ድንጋይ መቀመጫና ወይራ ነው፤ በየዓመቱ ጥቂት በጥቂት፣ ካህናቱና ግሸን ያለችበት የአምባሰል ሽማግሌዎች መክረውበት። ወይራ አዝጋሚ ነው፤ እሱን አውቀን እንግባበት።

የአምባሰል ልጆች፣ ጥላ የሚያስፈልገው የትኛው ዳገት ላይ ነው? ጻፉልኝ፤ ጥያቄም ካላችሁ እመልሳለሁ።